ስለ ዓይን ቆብ ሕመምና ስለ ጠብታው መድኃኒት

ለትምህርት የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሲቈጠሩ መጽሐፍ፥ ሰሌዳ፥ ቀለምና ወረቀት ይቈጠራሉ፤ ዓይን ግን አይቈጠርም፤ ሁሉም ሰው ያለው ይመስላልና። ነገር ግን ባንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች መካከል የዓይኑ ቆብ ያበጠ፥ ጧት ሲነሣ ሽፋሽፍቱ በአር የተጣበቀ፥ ሰሌዳውን ለማየት ፊቱን የሚጨማድድ ልጅ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ የስንፍናው ምክንያት ግን ልቡ ሳይሆን የዓይኑ ቆብ ሊሆን ይችላል።

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከብበው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ የውሃ ግድብ አጠገብ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ በተመሠረተ ጊዜ ሦስቱም በርሱ ተጠቃለዋል። እኒህ ስፍራዎች ግማሻቸው ገጠር፥ ግማሻቸው ከተማ ናቸው። ባንድ ወገን ላምና ጥጃ፥ የድርቆሽ ክምርና የኵበት ጢስ አለ፤ በሌላው ወገን ፋብሪካና ሱቅ፥ በመንገድ ዳርም መድኃኒት ቤት አለ። ስለዚህ የገጠሩ ሕመምና የከተማው መድኃኒት ባንድ ደጃፍ ይገናኛሉ። መገናኘታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በእጅ መግባቱ ብቻ ዓይንን አያድንም።

በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የዓይን መድኃኒት ኀይሉ ከሦስት ነገር ጋራ የታሰረ መሆኑ ነው፤ ሕመሙን ለይቶ ከማወቅ፥ መድኃኒቱን በልኩና በቀኑ ከመፈጸም፥ ፊትንም በውሃ ከመታጠብ። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ጠብታው ገንዘብ ያባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ጕዳት ያመጣል።

የዓይን ቆብ አሠራር

የዓይን ቆብ ስስ ቆዳ ብቻ አይደለም። ከላይ ቆዳ፥ ከቆዳው በታች የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ፥ ከዚያም በታች ቅርጹን የሚይዝ ጠንከር ያለ ሽፋን አለው፤ በውስጥ በኩል ብሌኑን የሚነካው ደግሞ ለስላሳ ገበር ነው። በጠንካራው ሽፋን ውስጥ እንደ ሰልፈኛ የተደረደሩ ጥቃቅን የቅባት ዕጢዎች አሉ፤ በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፥ በታችኛውም ከ20 እስከ 30 ያህል ይሆናሉ። ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቍጥር ይህ ቅባት በእንባው ላይ ይነጠፋል፤ እንባውም ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ሽፋሽፍቱ ደግሞ አቧራውንና ጕድፉን ይመልሳል። እንግዲህ ቆብ ለዓይን በርም ጠባቂም ነው፤ በሩ የተሰበረ ቤት ሌባ እንደማያጣው ሁሉ ቆቡ የታመመ ዓይንም ሳይጐዳ አይቀርም።

በቆብ ላይ የሚታዩት ሕመሞች

በቆብ ላይ ከሚታዩት ሕመሞች ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። አራቱም ዓይንን ስለሚያቀሉ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

1ኛ፤ የቆብ ጠርዝ መቈጣት። ይህን ሐኪሞች ብሌፋራይቲስ ይሉታል። ሽፋሽፍት በበቀለበት መስመር ላይ ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይታያል፤ ጠርዙ ይቀላል፥ ያቃጥላል፥ ያሳክካል፤ ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ ያድራል፤ ሕመሙም በቈየ ጊዜ ሽፋሽፍቱ ይረግፋል። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚኖሩት ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች መብዛት፥ አንዳንድ ጊዜም የቅባት ዕጢዎቹ አፍ መደፈን ነው። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ዓይንን አያጠፋም፤ ነገር ግን ድኗል ሲባል ስለሚመለስ ሰውን ያሰለቻል። ዋና መድኃኒቱ ንጽሕና ነው። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ተነክሮ ይጨመቃል፤ እንዳያቃጥል አስቀድሞ በክንድ ቆዳ ላይ ይፈተናል፤ በተከደነውም ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቈያል፤ ሙቀቱ የረጋውን ቅባት ያቀልጠዋልና። ከዚያ በኋላ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጥጥ የቆቡ ጠርዝ በቀስታ ይጠረጋል፤ ለሁለቱ ዓይኖች ሁለት ልዩ ልዩ ጥጥ ያስፈልጋል። ይህም በቀን ሁለት ጊዜ እየተደረገ ለብዙ ሳምንት ይዘልቃል። ሐኪሙ የባክቴሪያ ምልክት ያየ እንደ ሆነ በዚህ ላይ የአንቲባዮቲክ ቅባት ወይም ጠብታ ይጨምራል። በቆብ ጠርዝ የምትወጣው ትንሽ ብጉንጅም በዚሁ በሙቅ ጨርቅ ትበርዳለች፤ በጥፍር ልትጨመቅ ግን አይገባም።

2ኛ፤ ትራኮማ፥ ማለት ዓይነ ማዝ። ይህ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በምትባል ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ ሕመም ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፥ በነጠላ ጫፍ፥ ባንድ ፎጣና ባንድ ትራስ ይተላለፋል፤ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ የሚሹ ዝንቦችም ያዛምቱታል። የላይኛው ቆብ ሲገለበጥ በገበሩ ላይ ነጣ ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ይታያሉ። ልጁ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ትንሽ አር፥ ትንሽ ቅላት ብቻ ስለሚታይበት ወላጆቹ ይንቁታል። አንድ ጊዜ ይዞ ቢለቅ የከፋ ጕዳት አያደርስም፤ ክፋቱ በልጅነት ዘመን ደጋግሞ በመያዙ ነው። በየጊዜው የቈሰለው ገበር ጠባሳ ይሆናል።

3ኛ፤ የሽፋሽፍት መቀልበስ። ይህ ከሁለተኛው የሚወለድ ነው። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እየጠነከረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ ብሌኑን ይፈትጋል። ሰው በቀን ከ10 ሺሕ ጊዜ በላይ ዓይኑን ያርገበግባልና በርገብገብ ባለ ቍጥር ብሌኑ ይፋቃል፤ በመጨረሻም ነጭ ጠባሳ ለብሶ ብርሃኑ ይጠፋል። ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ያገኛል፤ ሕፃናቱን የሚያቅፉ፥ ፊታቸውን የሚጠርጉ፥ አብረዋቸው የሚተኙ እነርሱ ናቸውና። ብዙ እናቶች በመቀነታቸው ወረንጦ ቋጥረው የተቀለበሰውን ጠጕር እየነቀሉ ይኖራሉ፤ የተነቀለው ግን ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህ ሕመም ጠብታ ፈውስ አይሆንም። የሚያድነው አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቆቡ በማደንዘዣ ደንዝዞ በሠለጠነ ባለሙያ ይሠራል፤ ታማሚዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ብሌኑ ሳይነጣ የደረሰች ሴት ብርሃኗን ታተርፋለች፤ የጠፋውን ብርሃን ግን ይህ ሕክምና አይመልስም።

4ኛ፤ የጢስ፥ የአቧራና የአለርጂ ቅላት። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ኵበትና እርጥብ እንጨት የምታነድ ሴት፥ በአቧራ መንገድ የሚመላለስ ልጅ ዓይናቸው ይቀላል፤ በዚህ ግን ባክቴሪያ የለበትም። እንዲሁም ሁለቱንም ዓይን እጅግ የሚያሳክክ፥ በየዓመቱ ወቅት እየጠበቀ የሚመለስ የልጆች አለርጂ አለ። ለእኒህ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ምንም አያደርግም፤ የሚረዳው ጢሱን ማስወጣት፥ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ መታጠብና ሐኪም የሚያዝዘው ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው። ከጕንፋን ጋራ በቫይረስ የሚመጣው የዓይን ቅላትም እንዲሁ በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል።

ከእኒህ ሁሉ በላይ አንዳንድ ምልክቶች ጊዜ አይሰጡም። ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ የታየ፥ ማየት የቀነሰ፥ ብርቱ ሕመም ያለ፥ ብርሃን ማየት ያልተቻለ፥ እንጨት ወይም እሾህ ዓይንን የወጋ፥ ቆቡ አብጦ ትኵሳት የተከተለ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ መግል ያወጣ እንደ ሆነም ሌሊት እንኳ ቢሆን አይታደርም፤ ብሌኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጠፋ ይችላልና። ኩፍኝ የያዘው ልጅም ዓይኑ እንዲታይና ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የመድኃኒቱ አመጣጥ

የዓይን ቆብ ሕመም የጥንት ሕመም ነው። በግብጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ በተጻፈው ኤበርስ በሚባለው የሕክምና ጥቅል ውስጥ ስለ ዓይን ሕመም ብዙ መድኃኒት ተጽፎ ይገኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብጽ በዘመተ ጊዜ ወታደሮቹ በዓይን ሕመም ተመቱ፤ ከዚያ የተመለሱት የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወታደሮችም ሕመሙን ወደ አገራቸው ይዘው ገቡ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች የታመመውን የቆብ ገበር በሰማያዊ የመዳብ ጨው ያሹት ነበር፤ እጅግ የሚያቃጥል፥ ጥቅሙም ጥቂት የሆነ ሕክምና ነው።

በኢትዮጵያም አባቶችና እናቶች ያወቁትን ያህል ሲያክሙ ኖረዋል። የተቀለበሰውን ጠጕር በወረንጦ መንቀላቸው ሕመሙን ለጊዜው ማስታገሱ እውነት ነው። ነገር ግን ቅንድብን በምላጭ መብጣት፥ የቅጠል ጭማቂ በዓይን ማንጠብ፥ አንዱን የኵል እንጨት ለብዙ ሰው ማዞር ቍስልና ተላላፊ ሕመም ያመጣል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ፎጣውን ግን ለብቻው ይያዝ።

አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ባክቴሪያን የሚገድሉ ወይም እንዳይራባ የሚያግዱ ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን አገኘ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻም ክሎራምፌኒኮልና ከቴትራሳይክሊን ወገን የመጀመሪያው መድኃኒት ተገኙ። የትራኮማን ባክቴሪያ በ1957 ለይቶ ያሳደገው ታንግ ፌይፋን የሚባል የቻይና ሊቅ ነው። ኋላም አዚትሮማይሲን የሚባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ተገኝቶ፥ ከ1998 ጀምሮ ትራኮማ ለበዛባቸው አገሮች ፋይዘር ከተባለው ፋብሪካ በነጻ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አንዷ ናት።

ዛሬ በእጅ የሚገኙት መድኃኒቶች በሦስት ዓይነት ይመጣሉ። ጠብታው ፈሳሽ ነው፤ ቶሎ ይሠራል፥ በእንባ ግን ቶሎ ስለሚታጠብ በቀን ብዙ ጊዜ ይደረጋል። ቅባቱ በዓይን ውስጥ ይቈያል፤ ለጥቂት ደቂቃ ዓይንን ቢያደበዝዝም ለልጆችና ለሌሊት ይመቻል። በአፍ የሚወሰደው ደግሞ በደም ገብቶ የተሰወረውን ባክቴሪያ ያገኘዋል። ለትራኮማ የቴትራሳይክሊን ቅባት በ1 በመቶ ኀይሉ በሁለቱም ዓይኖች በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ይደረጋል። አዚትሮማይሲን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል፤ በዕደላ ጊዜ የልጆቹ መጠን በቁመታቸው ልክ ይሰፈራል። ገና ጨቅላ ለሆኑት በርሱ ፈንታ ቅባቱ ይሰጣል።

የአደራረጉ ሥርዓት

መድኃኒት የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የታማሚውንም ዓይን ከአር ያጽዳ። ታማሚው ወደ ላይ ይመልከት፤ የታችኛው ቆብ በጣት ወደ ታች ሲሳብ እንደ ትንሽ ኪስ ይከፈታል፤ በዚያ ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ይንጠብ። የዓይን ኪስ ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝምና ሁለተኛው ወደ ጕንጭ ይፈሳል፤ ትርፉ ብክነት ብቻ ነው። የጠርሙሱ አፍ ቆብን ወይም ሽፋሽፍትን አይንካ፤ የነካ እንደ ሆነ ባክቴሪያውን ይዞ ይመለሳልና። ከዚያ በኋላ ታማሚው ዓይኑን ለሁለት ደቂቃ ያህል ጨፍኖ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይኑን ጥግ በጣቱ ይጫን፤ መድኃኒቱ ወደ ጕሮሮ እንዳይወርድ ይህ ይከለክላል። ሁለት ዓይነት ጠብታ የታዘዘለት ሰው ከመጀመሪያው በኋላ 5 ደቂቃ ይቈይ። ቅባትም በዚሁ ኪስ ውስጥ በስሱ ይዘረጋል፤ ለቆብ ጠርዝ መቈጣት የታዘዘ እንደ ሆነ ግን በንጹሕ ጣት በጠርዙ ላይ ይቀባል።

የመድኃኒቱ ቀን ሲታዘዝ ቀኑ ይፈጸም። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ቅላቱ ሲለቅ ጠብታውን ይተዋል፤ የቀረውንም ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። ይህ ከጦርነት መካከል ወጥቶ እንደ መተኛት ነው። ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሞተዋል፤ ብርቱዎቹ ግን ተርፈው ይራባሉ፤ መድኃኒቱንም ይለምዱታል፤ ሕመሙ በተመለሰ ጊዜ ያው ጠብታ እንደ ውሃ ይሆናል።

አንዱ የተጠቀመበት ጠርሙስ ለሌላው አይሰጥም። የተከፈተ ጠብታ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣል፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ያለፈበትም እንዲሁ። ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፥ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ዴክሳሜታዞን ወይም ይህን የመሰለ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ጠብታ ነው። ይህ ቅላቱን ባንድ ቀን ስለሚያጠፋ ሰው ይወድደዋል፤ ለጎረቤቱም ይመክረዋል። ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የተጠቀሙበት እንደ ሆነ የዓይንን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ያመጣል፤ የዓይን ሞራም ያበቅላል፤ አንዳንዱን የብሌን ቍስል ደግሞ ያሰፋዋል። ቅላት መጥፋቱ የመዳን ምስክር አይደለም።

መድኃኒት ያለ ውሃ

በሱሉልታ ሜዳ ባለ አንድ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይታሰብ። ከአምስት ልጆች የአንዱ ዓይን ቀላ። አባትየው ወተት ሸጦ ሲመለስ ከመድኃኒት ቤት አንድ ጠርሙስ ጠብታ ገዛ። እናትየው በትጋት አንጠበጠበች፤ ልጁም በሳምንቱ ዳነ። ነገር ግን አምስቱም ባንድ ቍርበት ይተኛሉ፤ ባንድ ፎጣ ይጠረጋሉ፤ የቀሩት አራቱ ዓይናቸው በመጠኑ አር ቢኖረውም ስላልታመሙ አልታከሙም። ከወር በኋላ የዳነው ልጅ ተመልሶ ታመመ። አባትየው መድኃኒቱ የማይረባ ነው አለ። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ሕመሙን ከወንድሞቹ እየተቀበለ የመለሰው ያልታጠበው ፊት ነው።

በአንድ ቤት የሚሆነው ባንድ አገርም ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ፤ ከምክንያቱም ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ሲሆን ትራኮማ ከ100 እጅ 11.5 እጁን ይዞ ነበር። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ልጆችም ከ100 መካከል 40ው ትራኮማ ነበረባቸው። በጉራጌ ባሉ መንደሮች የተደረገ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ ይህን አሳየ፤ ለመንደሩ ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ደጋግሞ በታደለ ጊዜ ትራኮማው እጅግ ቀነሰ፤ ዕደላው በቆመ ጊዜ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መድኃኒት ሕመሙን ከቤት ያስወጣዋል፥ እንዳይመለስ በሩን የሚዘጋው ግን ንጽሕና ነው።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን ለማጥፋት አራት ሥራዎችን ባንድ ላይ ያዝዛል፤ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማቅናት፥ ለሕዝቡ አንቲባዮቲክ ማደል፥ የልጆችን ፊት ማጠብ፥ ውሃና መጸዳጃ ቤት በማዘጋጀት አካባቢን ማጽዳት። ሞሮኮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016፥ ጋና በ2018፥ ማላዊም በ2022 ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዳቸው ተመስክሮላቸዋል። እኒህ አገሮች ባለጠጎች አይደሉም፤ ስለዚህ ነገሩ የማይቻል ነው ማለት አይገባም።

ለፊት መታጠቢያ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ከታች በምስማር የተበሳ ቅል ወይም የዘይት ጄሪካን በትምህርት ቤቱ ደጅ ቢሰቀል፥ ቀዳዳውም በትንሽ ሹል እንጨት ቢወተፍ፥ እያንዳንዱ ልጅ ውታፉን ነቅሎ በጥቂት ውሃ ፊቱን ሊታጠብ ይችላል። ብዙ ልጆች ባንድ ገበቴ መታጠባቸው ግን ሕመሙን መካፈል ነው። ፎጣ ለየራሱ ከሌለ ፊትን በነፋስ ማድረቅ ይሻላል። ዝንቡም የሚራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነውና መጸዳጃ ቤት የቈፈረ ሰው ለልጁ ዓይን መድኃኒት የገዛ ያህል ይቈጠራል። የከብቱንም አዛባ ከመኝታ ቤት ማራቅ መልካም ነው።

የመምህሩና የሽማግሌው ሥራ

መምህር ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት ሊያዝዝም አይገባውም። ነገር ግን የልጆቹን ፊት በየጧቱ የሚያይ እርሱ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ቢያደርግ ለብዙ ዓይን ጠባቂ ይሆናል።

1ኛ፤ ሰልፍ በሚቆምበት ጊዜ የልጆቹን ፊት ይመልከት፤ አር ያለበትን ልጅ ሳያሳፍር ወደ ውሃው ይስደድ። የተሳደበ ልጅ በማግሥቱ ፊቱን ይደብቃልና።

2ኛ፤ ከታጠበ በኋላም ዓይኑ የሚቀላውን፥ ሰሌዳውን ማየት የቸገረውን ልጅ ወደ ሰሌዳው አቅርቦ ያስቀምጥ፤ ወላጆቹንም ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይንገራቸው። ከጤና ጣቢያ በላይ የሆነ ሕመም ካለ ሐኪሙ ወደ ዓይን ሆስፒታል ይልከዋል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለዓይን ሐኪሞች ትምህርትና ለዓይን ሕክምና የታወቀ ስፍራ ነው።

3ኛ፤ መድኃኒት የታዘዘለትን ልጅ ቀኑን እስኪፈጽም ድረስ በየቀኑ ይጠይቀው። መምህሩ የሚጠይቀውን ነገር ልጅ አይረሳውም፤ ለእናቱም ያሳስባታል።

4ኛ፤ የትራኮማ መድኃኒት በሚታደልበት ቀበሌ የዕደላው ቀን ለሁሉ እንዲነገር ይርዳ። የሚታደለው ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሰው ሁሉ መሆኑን ያስረዳ፤ ጤነኛ የመሰለው ልጅ ሕመሙን ተሸክሞ ይሆናልና።

የሽማግሌውም ፈንታ አለ። በዕድርና በሰንበቴ፥ በዳኝነትም ስፍራ ሰው የሚሰማው እርሱን ነው። ወረንጦ ይዛ የምትኖር እናት ቀዶ ሕክምናውን የምትፈራ እንደ ሆነ አዋቂ ሽማግሌ ቢመክራት ትሄዳለች፤ ባልዋም እንዳይከለክላት እርሱ ያስረዳዋል። ጕልማሶቹ መጸዳጃ ቤት እንዲቈፍሩ፥ ማድ ቤቱ የጢስ መውጫ እንዲኖረው፥ ምንጩም በከብት እንዳይደፈርስ ማዘዝ የርሱ ሥራ ነው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለዓይነ ስውራን ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ። ስሙ በግእዝ ዕውራንን የሚመራ ማለት ነው። በዚያ የተማሩ ልጆች ብሬል የሚባለውን በጣት የሚነበብ ፊደል አጥንተው የዕውቀትን መንገድ አግኝተዋል፤ ዓይን ቢጠፋም ልብ እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ይህ ትምህርት ቤት ሊመሰገን ይገባዋል። ሌላው የመንደር ትምህርት ቤት ሁሉ ደግሞ የራሱ ፈንታ አለው፤ ይኸውም በጥቂት ውሃና በተፈጸመ መድኃኒት ሊድን የሚችል ልጅ ቸል ተብሎ ብርሃኑን እንዳያጣ መጠበቅ ነው። የተበሳውን ቅል በደጁ የሚሰቅል መምህር ይህን ሥራ በዚያው ጧት ጀምሯል።